የመድኃኒት መረጃ ቋቶች፦ ታካሚ ለሚጠብቀው ፋርማሲስት የትኛው ይበጃል?

ማዘዣ ይዞ የመጣ ታካሚ ፊት ለፊት ቆሞ እየጠበቀ አንድ ፋርማሲስት ከመድኃኒት መረጃ ቋት የሚፈልገው ነገር ግልጽ ነው፤ እነዚህን መድኃኒቶች አብሮ ማደል ይቻላል ወይስ አይቻልም፣ የሚቻል ከሆነ መጠን መቀነስ ወይም የደም ምርመራ ማስደረግ ያስፈልጋል ወይ፣ ምክሩስ የቆመው በምን ዓይነት ማስረጃ ላይ ነው የሚለውን ማወቅ ይፈልጋል። በዚህ ግምገማ ከሚከፈልባቸው ቋቶች ማይክሮሜዴክስን፣ ሌክሲኮምፕንና ቢኤንኤፍ በሚል ምኅጻር የሚታወቀውን የብሪታንያ ብሔራዊ የመድኃኒት መመሪያ፣ በነጻ ከሚገኙት ደግሞ ሜድስኬፕን፣ ድረግስ ዶት ኮምን፣ ዴይሊሜድንና ለአንድ ጉዳይ ብቻ የተዘጋጁ ጥቂት ቋቶችን በዚሁ መለኪያ እመዝናለሁ። የመዘገቡት መድኃኒት ብዛትም ሆነ የገጻቸው አቀማመጥ በእኔ ሚዛን ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

መለኪያዬን ከዚህ የጀመርሁት የመድኃኒቶች መስተጋብር፣ ማለትም አብረው ሲወሰዱ አንዱ የሌላውን ሥራ መለወጡ፣ ያስከፈለው ዋጋ ከባድ ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ጃፓን ውስጥ ሶሪቩዲን የተባለ የአልማዝ ባለጭራ መድኃኒት ለገበያ በቀረበ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ ከፍሎሮዩራሲል ቤተሰብ ከሆኑ የካንሰር መድኃኒቶች ጋር አብረው የወሰዱ 15 ሰዎች ሞተዋል። ሶሪቩዲን በሰውነት ውስጥ ተለውጦ የሚፈጥረው ንጥረ ነገር ፍሎሮዩራሲልን የሚሰብረውን ኢንዛይም ስለሚያግድ የካንሰሩ መድኃኒት በደም ውስጥ ተከማችቶ መቅኔያቸውን አጠፋው። ተርፈናዲን የተባለው የአለርጂ መድኃኒትም እንደ ኬቶኮናዞልና ኤሪትሮማይሲን ካሉ መድኃኒቶች ጋር ሲወሰድ አደገኛ የልብ ምት መዛባት በማስከተሉ በ1998 ከአሜሪካ ገበያ ወጥቷል፤ በዚያው ዓመት ሚቤፍራዲል የተባለው የደም ግፊት መድኃኒት በፈቀዳው ማግስት ሊባል በሚችል ፍጥነት በመስተጋብሮቹ ብዛት ምክንያት ተሰብስቧል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 በመድኃኒት አጠቃቀም ምክንያት የሚደርስን ከባድና ሊወገድ የሚችል ጉዳት በአምስት ዓመት ውስጥ በግማሽ የመቀነስ ዘመቻ ሲጀምር፣ የእነዚህ ስሕተቶች ዓመታዊ ወጪ በዓለም ደረጃ 42 ቢሊዮን ዶላር እንደሚደርስ ገምቶ ነበር። ይህን ሁሉ መስተጋብር በቃሉ ይዞ የሚሠራ ባለሙያ የለም፤ ሊኖርም አይችልም።

ከማይክሮሜዴክስ ልጀምር። አጀማመሩ እ.ኤ.አ. በ1974 ዴንቨር ከተማ ውስጥ በማይክሮፊሽ (ጽሑፍ እጅግ አንሶ በሚታተምበት ፊልም) ተዘጋጅቶ የተሰራጨ የመመረዝ መረጃ ስብስብ ሲሆን፣ ያ ሥር እስከ ዛሬ ይታይበታል፤ ልጅ ምን ያህል ክኒን ዋጠ፣ ምልክቱ መቼ ይጀምራል፣ ማርከሻው ምንድን ነው ለሚሉ ጥያቄዎች የሚሰጠው መልስ ጥልቅ ነው። በመስተጋብር ገጹ ላይ ደግሞ ክብደቱንና የማስረጃውን ጥንካሬ ለየብቻ ያስቀምጣል። ክብደቱ ፈጽሞ የተከለከለ፣ ከባድ፣ መካከለኛ ወይም ቀላል ይባላል፤ ማስረጃው በጣም ጥሩ፣ ጥሩ ወይም በቂ ተብሎ ይመደባል። ይህ መለየት ትልቅ ጥቅም አለው። በብዙ ጥናት የተረጋገጠ መካከለኛ መስተጋብርና በአንድ ታካሚ ላይ ብቻ የታየ ከባድ መስተጋብር እኩል ትኩረት የሚሹ አይደሉም፤ አንዱን ከሌላው ለይቶ የማያሳይ ቋት ባለሙያውን ያለ መረጃ ይተወዋል።

ሌክሲኮምፕ፣ አሁን አፕቱዴት ሌክሲድረግ በሚል ስም የሚቀርበው፣ መስተጋብሮችን በአምስት የእንግሊዝኛ ፊደላት ይከፍላል፤ ኤ ማለት የታወቀ መስተጋብር የለም፣ ቢ ማለት እርምጃ አያስፈልግም፣ ሲ ማለት ታካሚውን እየተከታተልህ ስጥ፣ ዲ ማለት ሕክምናውን ለመቀየር አስብ፣ ኤክስ ማለት አብረህ አትስጥ ነው። የምወደው እዚህ ላይ ነው። ምድቡ ራሱ እርምጃ ይናገራልና ፋርማሲስቱ “ከባድ” የሚል ቃል አንብቦ ትርጉሙን ራሱ እንዲፈታ አይገደድም። ከዚህም በላይ መስተጋብሩ የሚመለከተው የትኛውን የአሰጣጥ መንገድ ወይም የትኛውን መጠን እንደሆነ ለብቻው ስለሚጽፍ፣ ለቆዳ የሚቀባ ቅባትና በአፍ የሚዋጥ ክኒን በአንድ ሚዛን አይመዘኑም። የሕፃናትና የጨቅላ ሕፃናት መጠኖቹም በጥንቃቄ የተዘጋጁ ናቸው፤ በስልክ ላይ ተጭኖ ያለ ኢንተርኔት መሥራቱ ደግሞ የኔትወርክ መቆራረጥ ለሚያስቸግረው ሰው ዋጋ አለው። ዋናው ችግሩ የደንበኝነት ክፍያው ነው፤ ለሆስፒታል የታሰበ ዋጋ ነውና አንድ ትንሽ ፋርማሲ ብቻውን የሚችለው አይደለም። ማይክሮሜዴክስም በዚህ ረገድ ከእርሱ አይሻልም።

በአንድ ምሳሌ ላይ ልቆይ። ዋርፋሪን የተባለውን የደም መርጋት መከላከያ ለረጅም ጊዜ ሲወስድ የኖረ ታካሚ ለጥርስ ኢንፌክሽን ሜትሮኒዳዞል ታዝዞለታል እንበል። ሜትሮኒዳዞል ይበልጥ ኃይለኛ የሆነውን የዋርፋሪን ክፍል የሚሰብረውን ሲዋይፒ 2ሲ9 የተባለ የጉበት ኢንዛይም ስለሚገታ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ደም ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ የሚያሳየው አይኤንአር የተባለ መለኪያ ወደ ላይ ይወጣና ታካሚው ደም ሊፈሰው ይችላል። ደካማ ቋት ለዚህ የሚሰጠው መልስ “የመድማት አደጋ ሊጨምር ስለሚችል ጥንቃቄ ይደረግ” የሚል ነው። ጥንቃቄው ምን እንደሆነ ግን አይነግርህም። ጠቃሚ ቋት ሌላ አንቲባዮቲክ መቀየር ይቻል እንደሆነ እንድትጠይቅ ይመክርሃል፤ የማይቻል ከሆነ ዋርፋሪኑን መቀነስ ሊያስፈልግ እንደሚችል፣ አይኤንአር ሕክምናው በተጀመረ በጥቂት ቀናት ውስጥ መለካት እንዳለበት፣ ሜትሮኒዳዞሉ ሲያልቅም እንደገና መለካት እንደሚያስፈልግ ይነግርሃል። የመጨረሻው ነጥብ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። አጋጁ መድኃኒት ሲቆም ዋርፋሪኑ ወደ ቀድሞ ፍጥነቱ ተመልሶ ስለሚሰበር፣ የተቀነሰው መጠን እዚያው ከቀረ ታካሚው ወደ ደም መርጋት ያመራል። ሌክሲኮምፕና ማይክሮሜዴክስ የአያያዝ ምክር ለብቻው የሚሰፍርበት ክፍል ስላላቸው እንዲህ ያለውን ዝርዝር ለመያዝ የተሠሩ ናቸው፤ ለታካሚው የሚነገረውን፣ ማለትም የድድ መድማትን፣ የጠቆረ ሰገራን፣ ያለ ምክንያት የሚወጣ የበለዘ ቆዳን ግን ፋርማሲስቱ ራሱ በሚገባ ቋንቋ ማስረዳት ይኖርበታል።

ቢኤንኤፍ መንገዱ ሌላ ነው። መጀመሪያ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1949 ሲሆን፣ አሁን የያዘውን ቅርጽ በ1981 ካገኘ ወዲህ የብሪታንያ የሕክምና ማኅበር አሳታሚ ክፍልና የሮያል ፋርማሲዩቲካል ሶሳይቲ በጋራ ያሳትሙታል፤ የታተመው መጽሐፍ በየዓመቱ መጋቢትና መስከረም ላይ ይወጣል፣ የሕፃናቱ እትም ደግሞ በ2005 ተጀምሯል። ጽሑፉ አጭርና ቁጥብ ነው፤ ስለ አሠራሩ የሚሰጠው ማብራሪያ ከጥቂት ዓረፍተ ነገር አያልፍም። መስተጋብሮቹን ግን በክብደት ከባድ፣ መካከለኛ፣ ቀላል እያለ፣ በማስረጃ ደግሞ በጥናት የታየ፣ በግለሰብ ታካሚ ሪፖርት የታየ ወይም በንድፈ ሐሳብ የሚጠበቅ እያለ ይመድባል። እደላን በተመለከተ ከሁሉም ይልቅ ያስደነቀኝ በመድኃኒቱ ዕቃ ላይ የሚለጠፉትን የማስጠንቀቂያ ጽሑፎች በቁጥር አዘጋጅቶ ከእያንዳንዱ መድኃኒት ጋር ማያያዙ ነው፤ “ይህ መድኃኒት እንቅልፍ ሊያመጣብዎ ይችላል”፣ “ከምግብ ጋር ይውሰዱ”፣ “ሳያቋርጡ ጨርሰው ይውሰዱ” የሚሉት ዓይነት መልእክቶች የትኛው ለየትኛው መድኃኒት እንደሚገባ በአንድ እይታ ይታያል። ሌሎቹ ቋቶች ለሐኪሙ ጠረጴዛ የተጻፉ ሲመስሉ ቢኤንኤፍ ለሚያድለው ሰው አስቧል። ነገር ግን በኢንተርኔት በነጻ የሚታየው ገጹ ከዩናይትድ ኪንግደም ውጭ ላለ አንባቢ አይከፈትም፤ በውስጡ ያሉት መድኃኒቶችም እዚያ አገር የሚሸጡት ናቸው።

ይህ ወደ አንድ ሰፊ ችግር ይወስደኛል። እያንዳንዱ ቋት የተወለደበትን አገር ገበያ ይዞ ይሄዳል። በአሜሪካ የተዘጋጀ ቋት ውስጥ ፓራሲታሞል አሴታሚኖፌን፣ ሳልቡታሞል አልቡተሮል፣ ግሊቤንክላማይድ ግሊቡራይድ፣ ሪፋምፒሲን ሪፋምፒን፣ ፔቲዲን ሜፔሪዲን ተብለው ነው የሚገኙት። ስሙን ሲጽፉት ካልመጣ ሌላውን ስም መሞከር ቀላል ነው። የሚያስፈራው መድኃኒቱ ራሱ በዚያ ገበያ የሌለ ሲሆን ነው። ግሊክላዛይድ፣ ቪልዳግሊፕቲን፣ ዶምፔሪዶንና ሜታሚዞል በአሜሪካ ፈቃድ ያላቸው መድኃኒቶች አይደሉም፤ በሌሎች በርካታ አገሮች ግን በየዕለቱ ይታደላሉ። እንዲህ ያለውን መድኃኒት ቋቱ ካላወቀው በመስተጋብር ፍተሻው ውስጥ አይገባም፣ ማስጠንቀቂያም አይመጣም። ባለሙያው ስክሪኑ ባዶ ሲሆን “ችግር የለም” ብሎ ሊያነበው ይችላል፤ ዶምፔሪዶን ግን የልብ ምትን ከሚያዛቡ መድኃኒቶች ጋር መሰጠት የሌለበት ነው። ስለዚህ አንድን ቋት ስፈትሽ በመጀመሪያ የማየው ያልተገኘን መድኃኒት እንዴት እንደሚያስታውቅ ነው። “ይህ መድኃኒት በፍተሻው ውስጥ አልተካተተም” ብሎ በግልጽ የሚናገር ቋት ዝም ከሚለው እጅግ ይበልጣል።

ሌላው ትልቅ ጉዳይ የማስጠንቀቂያ ብዛት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የጥናቶች ግምገማ በኮምፒውተር የማዘዣ ሥርዓቶች ውስጥ ከሚወጡት የደኅንነት ማስጠንቀቂያዎች ከ49 እስከ 96 በመቶ የሚሆኑት እንደሚታለፉ አሳይቷል። በሥራ ላይ ያገኘሁት አንድ የሽያጭና የእደላ ፕሮግራም ይህን በደንብ ያስረዳል፤ ኢቡፕሮፌንና አምሎዲፒን በአንድ ማዘዣ ላይ ሲታዩም፣ ክላሪትሮማይሲንና ሲምቫስታቲን ሲታዩም የሚያወጣው ያንኑ ቀይ ሳጥን ነበር። የመጀመሪያው ጥምረት የደም ግፊትን መከታተል የሚጠይቅ ሲሆን፣ ሁለተኛው የጡንቻ መፍረስንና የኩላሊት መድከምን ሊያስከትል ስለሚችል ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ሠራተኞቹ ከጥቂት ቀን በኋላ ሳጥኑን ሳያነቡ በአንድ ጠቅታ ማለፍ ለመዱ፤ በእነርሱ አልፈርድም፣ ሥርዓቱ ራሱ ያስተማራቸው ይህንኑ ነውና። በፋርማሲ ፕሮግራሞች ውስጥ ተገጥመው የሚሠሩት እንደ ፈርስት ዳታባንክና ሜዲስፓን ያሉ ቋቶች የማስጠንቀቂያውን ደረጃ ለማስተካከል ያስችላሉ፤ የትኛው ሥራ እንደሚያስቆም፣ የትኛው ዝም ብሎ በጎን እንደሚታይ መወሰን ግን የፋርማሲው ኃላፊነት ነው። ያለዚህ ውሳኔ የተገጠመ ምርጥ ቋት ከመጥፎ ቋት ጋር እኩል ይሆናል።

ወደ ነጻዎቹ ልምጣ። ድረግስ ዶት ኮም የበርካታ መድኃኒቶችን ዝርዝር በአንድ ጊዜ ይፈትሻል፤ ከመድኃኒት ባሻገር ከምግብና ከበሽታ ጋር ያለውንም ግጭት ያሳያል፣ ለታካሚና ለባለሙያ የተለያየ ጽሑፍ ማቅረቡም ጥሩ ነው። ሜድስኬፕ በነጻ ምዝገባ ይከፈታል፤ መጠንን ከበሽታው ጋር አያይዞ ስለሚያሳይ ለፈጣን ፍተሻ ይመቻል። ሁለቱም ለዕለት ሥራ ይበቃሉ ብል አላጋነንሁም፤ የማስረጃውን ጥንካሬ በማሳየት ረገድ ግን ከሚከፈልባቸው ወደ ኋላ ይቀራሉ። ዴይሊሜድ ሌላ ዓይነት ነው፤ የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት አምራቾች ለመንግሥት ያስገቡትን ይፋዊ መግለጫ እንዳለ ያቀርብበታል። ሙሉና አስተማማኝ ነው፣ ነገር ግን የሕግ ጥንቃቄ ያለበት ረጅም ጽሑፍ ስለሆነ ታካሚ እየጠበቀ የሚነበብ አይደለም። እኔ የምከፍተው ሌሎቹ ቋቶች እርስ በርሳቸው ሲለያዩ ነው።

ከነጻዎቹ ሁሉ ልቤን የገዙት ግን ለአንድ ጉዳይ ብቻ የተሠሩት ናቸው። የሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ የኤችአይቪ መድኃኒቶች መስተጋብር ቋት መልሱን በቀለም ያሳያል፤ ቀይ አብራችሁ አትስጡ፣ ብርቱካናማ መስተጋብር ሊኖር ይችላል፣ ቢጫ ደካማ መስተጋብር፣ አረንጓዴ ደግሞ መስተጋብር አይጠበቅም ማለት ነው። ዶሉቴግራቪር የሚወስድ ሰው የሳንባ ነቀርሳ ይዞት ሪፋምፒሲን ሲጀምር ዶሉቴግራቪሩ በቀን አንዴ ከ50 ሚሊግራም ወደ በቀን ሁለቴ 50 ሚሊግራም ማደግ አለበት፤ ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር በሽታ መድኃኒት አብሮ ሲወስድ የሜትፎርሚኑ ዕለታዊ መጠን ብዙውን ጊዜ ከ1000 ሚሊግራም እንዳያልፍ ይመከራል፤ ካልሲየም ወይም ብረት ከወሰደ ደግሞ ዶሉቴግራቪሩን ከእነርሱ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ መውሰድ፣ አለበለዚያ ሁሉንም ከምግብ ጋር አንድ ላይ መውሰድ አለበት። እንዲህ ያለውን በቁጥርና በሰዓት የሚናገር ምክር በነጻ ማግኘት መታደል ነው። ላክትሜድ ለምታጠባ እናት የሚሰጥ መድኃኒት በጡት ወተት ውስጥ ምን ያህል እንደሚገባና በሕፃኑ ላይ ምን እንደታየ ከምንጩ ጋር ያቀርባል፤ ሌላ አማራጭ መድኃኒትም ይጠቁማል። ብዙዎች ለምታጠባ እናት ሲታዘዝ “ጡት ማጥባት አቁሚ” የሚል መልስ ለመስጠት ይቸኩላሉ፤ ይህን ቋት አንድ ጊዜ የከፈተ ባለሙያ እንዲህ ለማለት ያመነታል። ክሬዲብልሜድስ ደግሞ የልብን የኪውቲ ጊዜ፣ ማለትም በልብ የኤሌክትሪክ ምርመራ ላይ የሚለካውን የምት ክፍል፣ የሚያረዝሙ መድኃኒቶችን አደጋቸው የታወቀ፣ አደጋ ሊያመጡ የሚችሉና በተወሰነ ሁኔታ ብቻ አደገኛ የሚሆኑ በማለት ይለያል።

ስለ ኩላሊትና ስለ እርግዝና አንድ አንድ ነገር ማለት አለብኝ። ለኩላሊት ሕመምተኛ መጠን ሲያስተካክሉ ቋቱ የሚጠቀመው መለኪያ የትኛው እንደሆነ መታየት አለበት፤ ብዙዎቹ የመጠን ሠንጠረዦች የተመሠረቱት እ.ኤ.አ. በ1976 በታተመው የኮክክሮፍትና ጎልት ቀመር ላይ ሲሆን፣ ላቦራቶሪው የሚያወጣው የኩላሊት ማጣሪያ ግምት ግን በሌላ ቀመር የተሰላ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱ ቁጥሮች በቀጫጭንና በአረጋውያን ታካሚዎች ላይ በእጅጉ ሊለያዩ ይችላሉ። እርግዝናን በተመለከተ ደግሞ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ከ1979 ጀምሮ ይሠራባቸው የነበሩትን ከኤ እስከ ኤክስ ያሉ የፊደል ምድቦች ከ2015 ጀምሮ በገለጻ ጽሑፍ እንዲተኩ አድርጓል። ዛሬም ፊደሏን ብቻ አሳይቶ የሚያቆም ቋት ጊዜው አልፎበታል ማለት ነው። ሌክሲኮምፕ ለመስተጋብር የሚጠቀምበት ኤክስ እና የቀድሞው የእርግዝና ኤክስ ፈጽሞ የተለያዩ መሆናቸውን ለአዳዲስ ሠራተኞች አስቀድሞ ማስረዳትም አይከፋም።

ቋት የማይይዘው ስሕተት እንዳለም መታወቅ አለበት። ለሩማቲዝም ሜቶትሬክሴት በሳምንት አንድ ቀን የሚወሰድ መድኃኒት ነው፤ በስሕተት በየቀኑ ተብሎ ሲጻፍ ገዳይ ይሆናል። የመስተጋብር ፍተሻ ብቻ የሚያደርግ መሣሪያ ይህን አያየውም፣ ምክንያቱም መድኃኒቱ አንድ ነው፣ የሚጋጨው የለም። የመጠን ወሰንን ከሕመሙ ጋር አያይዞ የሚፈትሽ ሥርዓት ግን ያስቆመዋል። ለጨቅላ ሕፃናት ሴፍትሪአክሶንና ካልሲየም ያለበት ግሉኮስ ሲታዘዝም እንዲሁ ነው፤ በደም ሥር ሲሰጡ ተዋሕደው ስለሚረጉ እስከ 28 ቀን ዕድሜ ባላቸው ሕፃናት የተከለከለ ነው። ይህን ለማየት በደም ሥር የሚሰጡ መድኃኒቶችን ተስማሚነት የሚፈትሽ ክፍል ያስፈልጋል፤ ማይክሮሜዴክስም ሌክሲኮምፕም ይህ ክፍል አላቸው፣ ነጻዎቹ ላይ ግን በዚህ ደረጃ የተሟላ አላገኘሁም።

ታዲያ የቱን ልምረጥ ለሚለኝ የምመልሰው እንዲህ ነው። ለሆስፒታል ፋርማሲ፣ በተለይ የሕፃናትና የጽኑ ሕሙማን ክፍል ላለው፣ ሌክሲኮምፕን አስቀድማለሁ፤ የመመረዝ ጉዳዮች የሚበዙበት ከሆነ ደግሞ ማይክሮሜዴክስን። ለውጭ ታካሚዎች የሚያድል ፋርማሲ የቅርብ ዓመት የቢኤንኤፍ መጽሐፍ፣ ድረግስ ዶት ኮም ወይም ሜድስኬፕ፣ ከእነርሱም ጋር የሊቨርፑሉ ቋትና ላክትሜድ ቢኖሩት አብዛኛውን ጥያቄ በደኅና ይመልሳል። ሁለት ቋቶች ሲለያዩ በማስረጃው የተሻለውን ማመን ይገባል፤ ሁለቱም በንድፈ ሐሳብ ብቻ የቆሙ ከሆነ ጠንከር ያለውን ጥንቃቄ እከተላለሁ፣ ሐኪሙንም እደውላለሁ።

ማንኛውንም ቋት ከመግዛት በፊት ለሙከራ ጊዜ መጠየቅና መልሳቸውን አስቀድመው የሚያውቋቸውን ጥምረቶች ማስገባት ጠቃሚ ነው፤ አሎፑሪኖልና አዛታዮፕሪን፣ ሲፕሮፍሎክሳሲንና ቲዛኒዲን፣ ኢናላፕሪል ከስፓይሮኖላክቶንና ከኮትሪሞክሳዞል ጋር። የመጨረሻው ሦስት መድኃኒቶች አንድ ላይ ፖታሲየምን ወደ አደገኛ ደረጃ የሚያደርሱበት ጥምረት ስለሆነ፣ ቋቱ ድምር ውጤቱን አይቶ ይናገር እንደሆነ ወይም ሁለት ሁለቱን ብቻ እየነጠለ ያልፍ እንደሆነ ያጋልጠዋል። ከዚያም የእያንዳንዱን መድኃኒት ገጽ መጨረሻ መመልከትና ጽሑፉ መቼ እንደተገመገመ የሚገልጽ ቀን መኖሩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ሻጩ ይህን ቀን ማሳየት ካልቻለ ውሉን አለመፈረም ነው።